ርካሽ ብስክሌትና ተማሪ፦ የደኅንነትና የዕድሜ ጥያቄ በይፋት ቆላ

መግቢያ

እንደሚታወቀው፣ አንድ ተማሪ በሰዓቱ ተገኝቶ ትምህርቱን በሚገባ ለመከታተል የሚችለው መምህሩ፣ መጽሐፉና የመማሪያ ክፍሉ ስለተሟሉለት ብቻ አይደለም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድም የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። በሥራ ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት አጠቃላይ ትምህርትን ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት አድርጎ ስለከፈለው፣ 6ኛ ክፍልን በሰፈሩ ያጠናቀቀ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ብዙ ጊዜ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት መሄድ ግድ ይሆንበታል።

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የይፋት ቆላ ለዚህ ጉዳይ መልካም ምሳሌ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 225 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገዱ ከደብረ ሲና ተነሥቶ አርማንያን አልፎ እስከ ከተማዋ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ጀውሃ፣ ወደ ሰንበቴና ወደ አጣዬ በሚያልፈው መሥመር ግራና ቀኝ ያለው አገር በአመዛኙ ሜዳማ ነው። ሜዳማ አገር ደግሞ ለብስክሌት የተመቸ ነው።

ጥቅሙን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ቤቱ ከትምህርት ቤት 6 ኪ.ሜ. የሚርቅ ልጅ በእግሩ ሲጓዝ በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ያህል ቢራመድ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጅበታል። በብስክሌት በሰዓት 12 ኪ.ሜ. ቢሄድ ግን 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ደርሶ መልሱ ሲታሰብ በቀን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በአምስት የትምህርት ቀናት ሰባት ሰዓት ያህል ይተርፈዋል። ይህ ጊዜ ለጥናት፣ ለዕረፍትና ቤተሰብን ለመርዳት ይውላል ማለት ነው። ለልጃገረዶች ደግሞ ከዚህም የበለጠ ትርጉም አለው፤ በቀትር ፀሐይና በምሽት ብቻቸውን በመንገድ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥርላቸዋል።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ወላጅ የሚገዛው ብስክሌት በገበያው ካለው ሁሉ ርካሹን ነው። ታዲያ ርካሽ ብስክሌት ለልጅ ያሰጋልን? ዕድሜውስ ምን ያህል ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው። አስቀድሞ ለመግለጽ ያህል፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው የሚታዩ አይደሉም። አንድ ብስክሌት ቶሎ የሚበላሽበት ቦታና ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጥበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይህም ቦታ በመፍቻና በዐይን ሊመረመር የሚችል ነው።

ርካሽ ብስክሌት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩባቸው። የጥገና ባለሙያዎቻችን የሚጠሩባቸው ስሞችም፣ ማለትም ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፓራፋንጎ፣ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ዛሬ ወደ ገበያ የሚመጣው ብስክሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን ታሽጎ፣ በከፊል ተፈታቶ የሚደርስና በሻጩ ወይም በሠፈር ጠጋኝ እጅ የሚገጣጠም ነው።

የአንድ ብስክሌት ዋጋ የሚቀነስባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። እነርሱም፦

ሀ) የአካሉ ቧንቧ በተራ ብረት መሠራቱና ብየዳው በችኮላ መከናወኑ፤
ለ) የፍሬኑ ክንድ ከስስ ላሜራ፣ የፍሬኑ መያዣ ደግሞ ከፕላስቲክ መሠራቱ፤
ሐ) የቸርኬው ሽቦዎች መቅጠናቸውና እኩል አለመወጠራቸው፤
መ) የኩሽኔታዎቹ ግራሶ ማነሱና አቧራ መከላከያቸው ደካማ መሆኑ፤
ሠ) መገጣጠሙ በሠለጠነ እጅ አለመደረጉ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ ይፈራል። ተራ ብረት ክብደት ቢኖረውም በአብዛኛው ጠንካራ ነው፤ ቢሰነጠቅም በሸዋ ሮቢት በየትኛውም የብየዳ ቤት ሊጠገን ይችላል። እውነተኛው ሥጋት ያለው በሌሎቹ አራቱ ላይ ነው። ደስ የሚለው ነገር እነዚህ አራቱም ሊስተካከሉ፣ ሊጠብቁ ወይም በትንሽ ወጪ ሊለወጡ የሚችሉ መሆናቸው ነው።

በአንጻሩ ገዢን የሚማርኩ ነገሮች አሉ። ብዙ ማርሽ፣ ከፊትና ከኋላ የተተከለ ስፕሪንግ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም የመሳሰሉት ናቸው። በርካሽ ብስክሌት ላይ ያለ ስፕሪንግ ክብደት ይጨምራል፤ የሚላሉ መገጣጠሚያዎችንም ያበዛል። የማርሹ መቀያየሪያም አንድ ጊዜ ከወደቀ ይጣመማል፤ ተጣሞ ወደ ኋላ ጎማ ሽቦዎች ሲገባ ጎማው በድንገት ይቆማል። ሜዳማ ለሆነው የይፋት ቆላ አንድ ማርሽ ያለው፣ ስፕሪንግ የሌለው ብስክሌት ይበቃል። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጡ ሁለት ብስክሌቶች መካከል ጌጡ ያነሰው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ይረዝማል።

ፍሬን፦ ሜዳ የሚሸሽገው ጉድለት

የይፋት ቆላ ብስክሌት ጋላቢ ልጅ ያደገው በሜዳ ላይ ነው። በሜዳ ላይ ፔዳል መምታቱን ያቆመ ብስክሌት በራሱ እየዘገየ ይሄዳል፤ እግርን መሬት ላይ በመጎተትም ማቆም ይቻላል። ስለዚህ የፍሬኑ መድከም ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። ጉድለቱ የሚገለጠው ልጁ አንድ ቀን ወደ አርማንያ አቅጣጫ ዳገቱን ገፍቶ ወጥቶ ቁልቁል ሲመለስ ነው።

ነገሩን በአኃዝ ማስረዳት ይቻላል። በየሰከንዱ ፍጥነትን በ3 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ደህና ፍሬን ይወሰድ። ልጁ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰከንድ ያልፋል ተብሎ ቢታሰብ፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪ.ሜ. የሚሄድ ብስክሌት በ11 ሜትር ገደማ ይቆማል። ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ 40 ኪ.ሜ. ሲሆን መቆሚያው ርቀት ወደ 32 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው።

አሁን ደግሞ ፍሬኑ ደካማ ሆኖ ፍጥነትን በየሰከንዱ በ1.5 ሜትር በሰከንድ ብቻ ይቀንሳል እንበል። በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪ.ሜ. ሲኬድ መቆሚያው 16 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ልጁም ወላጁም ብዙ አያስቡበትም። ነገር ግን በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የመሬት ስበት ከፍሬኑ ኃይል ግማሽ ያህሉን ይነጥቀዋል። ያው ደካማ ፍሬን በዚህ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ለሚወርድ ልጅ መቆሚያው 100 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በደህናው ፍሬን ግን 39 ሜትር ገደማ ነበር። ፍሬኑ ከዚህም በግማሽ ቢደክም ብስክሌቱ በቁልቁለቱ ላይ ጨርሶ አይቆምም። በአውራ ጎዳናው ላይ ከባድ መኪና፣ አውቶቡስና የሚነዳ ከብት ባለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም።

የፍሬን ዓይነትም ልዩነት አለው። በእጅ ተይዞ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጠው ፍሬን የፍሬኑ ጎማ ሲያልቅ፣ ሽቦው ሲላላ ወይም ቸርኬው ሲጣመም ይደክማል። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገኘው የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው የመያዝ ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በክረምት ከሜዳም ላይ ቢሆን አስቀድሞ መያዝ መጀመር ያስፈልጋል። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን ግን በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተሸፈነ በመሆኑ ዝናብና አቧራ ብዙም አይጎዱትም፤ እጁ ላልጠናና ጣቱ ለማይደርስ ልጅም የተመቸ ነው። ጉድለቱ ካቴናው ከወለቀ ፍሬኑም አብሮ መጥፋቱ፣ በረጅም ቁልቁለትም መጋሉ ነው። ስለዚህ ከእርሱ በተጨማሪ የፊት የእጅ ፍሬን መኖር ይኖርበታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ላይ የዋለው የብስክሌት ደኅንነት ደንብ፣ የእጅ ፍሬን ያለው ብስክሌት በሰዓት 24 ኪ.ሜ. ሲሄድ በ4.57 ሜትር ውስጥ እንዲቆም ያዝዛል። ከዚህም ሌላ ኮርቻው ዝቅ ተደርጎ 56 ሣ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ከፍታ ያለው የሕፃናት ብስክሌት የግድ በእግር የሚሠራ ፍሬን እንዲኖረው ይጠይቃል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የትንሽ ልጅ ጣት ፍሬን ጨምቆ ለማቆም እንደማይበቃ ስለተገነዘቡ ነው።

ልኩ ያልሆነ ብስክሌት

በየከተማው እንደሚታየው፣ ብዙ ልጆች ብስክሌት መንዳት የሚለማመዱት በኪራይ ወይም በታላቅ ወንድም ብስክሌት ነው። እግሩ ኮርቻው ላይ ሆኖ ፔዳል ላይ የማይደርስ ልጅ አንድ እግሩን በአካሉ መሐል አሾልኮ፣ ጎንበስ ብሎ ይነዳል። ይህ ልምምድ የልጅን ብልሃት ቢያሳይም ሚዛንን ያፋልሳል፤ ልጁ በድንገት መቆም ሲያስፈልገው እግሩ መሬት የሚነካው ከወደቀ በኋላ ነው።

ወላጆችም «ልጁ ያድግበታል» በማለት ትልቅ ብስክሌት ይገዛሉ። ምክንያታቸው የሚያሳዝን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ቢሆንም ሦስት ቀላል መለኪያዎችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ልጁ በአካሉ ላይኛ ቧንቧ ላይ ተፈናጥጦ በሁለት እግሩ ሲቆም በቧንቧውና በእርሱ መካከል ጥቂት ሣንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ የእግሩ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው። ሦስተኛ፣ የፍሬኑን መያዣ በጣቶቹ ደርሶ ሲጨምቀው መያዣው ከመሪው ጋር ከመነካካቱ በፊት ጎማው መያዝ አለበት።

ልጁ ሲያድግ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። የኮርቻው ምሰሶ ከአካሉ ውስጥ እየተሳበ ይወጣል። በምሰሶው ላይ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ የሚያመለክት ጭረት አለ። ጭረቱ ከታየ ምሰሶው በአካሉ ውስጥ የያዘው ርዝመት አንሷል ማለት ስለሆነ፣ ምሰሶው ሊሰበር ወይም ቧንቧው ሊሰነጠቅ ይችላል። የመሪው ምሰሶም እንዲሁ ጭረት አለው፤ የእርሱ መሰበር ደግሞ ከኮርቻው የከፋ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር መጠቀስ ይገባዋል፤ እርሱም ማፈናጠጥ ነው። ለአንድ ልጅ የተሠራ ብስክሌት ሁለት ሲጫንበት ወይም 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከኋላው ሲታሰርበት የኋላው ጎማ ሽቦዎች ከአቅማቸው በላይ ይወጠራሉ። አንዱ ሽቦ ሲበጠስ ጭነቱ ለጎረቤቶቹ ስለሚተላለፍ፣ ሳይጠገን ከተነዳ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ። ከዚያም ቸርኬው ይጣመማል፤ የተጣመመ ቸርኬ ደግሞ የእጅ ፍሬንን ያበላሻል። የዕድሜና የደኅንነት ጥያቄ አንድ ነው የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙቀት፣ አቧራና ኩርንችት

የቆላው አየር በብስክሌት ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። ብዙ ሰዎች ጎማ የሚፈነዳው አየሩ በሙቀት ስለሚሰፋ ነው ይላሉ። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ሙቀቱ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያድግ በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት የሚጨምረው 8 በመቶ ተኩል ያህል ነው፤ ይህም ጤናማ ጎማን አያፈነዳም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ፀሐይ የጎማውን ጎን አድርቃ ትሰነጥቀዋለች፤ የተለጠፈበት ማስቲሽም ይላላል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ግቢ ብስክሌቶች የሚቆሙበት ጥላ መኖሩ ቅንጦት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

አቧራ ከካቴና ዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ይሆናል። የተለመደው ስሕተት ካቴና ሲንጫጫ ሳይጠርጉ ዘይት መጨመር ነው። ትክክለኛው አሠራር አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ቀጥሎ በየመገጣጠሚያው ጥቂት ጠብታ ማድረግ፣ በመጨረሻም በላዩ የቀረውን ዘይት ጠርጎ ማስወገድ ነው። የካቴና ማለቅ በማስመሪያ ይለካል። አዲስ ካቴና 24 መገጣጠሚያው 30.5 ሣ.ሜ. ይሞላል፤ ይህ ርዝመት 30.8 ሣ.ሜ. ከደረሰ ካቴናው አልቋል። በዚህ ጊዜ ካልተለወጠ ጥርሶቹንም ይበላቸዋል፤ ከዚያም ካቴናው መንሸራተትና መውለቅ ይጀምራል።

ሦስተኛው ጠላት ኩርንችት ነው። ከእርሻ ዳርና ከመንገድ ጠርዝ የሚበቅለው ይህ አረም ፍሬው በየትኛውም ጎን ቢወድቅ እሾሁ ወደ ላይ ይቆማል። የግራር እሾህም ይታከልበታል። አንድ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጎማው ቢበሳበትና ለማስጠገኛ ገንዘብ ባይኖረው ብስክሌቱ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ይቀራል። ለዚህ ቀላል መፍትሔ አለ። ያረጀ የውስጥ ጎማ በርዝመቱ ተቀዶ በውጩና በውስጡ ጎማ መካከል ይነጠፋል። እንዲሁም ጎማን ሁልጊዜ በቂ አየር መሙላት፣ ሲቆምም የተሰካውን እሾህ ወደ ውስጥ ሳይገባ መንቀል ያስፈልጋል። የላላ ጎማ እሾህን ይጋብዛል፤ በድንጋይ ላይ ሲያልፍም ቸርኬውን ያስጎዳል።

ዋጋና ዕድሜ

አንድን ብስክሌት ርካሽ ወይም ውድ የሚያሰኘው በተገዛበት ቀን የተከፈለው ብቻ አይደለም። ለስሌት ያህል የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። የአንደኛው ብስክሌት ዋጋ 100 ነው እንበል፤ በየዓመቱ 40 የጥገና ወጪ ይጠይቃል፤ በዓመቱ መጨረሻም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የሁለተኛው ዋጋ 160 ነው፤ በየዓመቱ 20 ለጥገና ያስወጣል፤ አራት ዓመትም ያገለግላል። በአራት ዓመት የመጀመሪያው 560 ሲያስወጣ ሁለተኛው 240 ብቻ ያስወጣል። 9ኛ ክፍል የገባች ልጅ 12ኛ ክፍልን እስክታጠናቅቅ የሚፈጀው ጊዜም አራት ዓመት ነው።

ሆኖም ወላጁ ዛሬ 160 የሌለው ከሆነ ይህ ስሌት አይጠቅመውም። ለእርሱ የሚጠቅመው ባለ 100ውን ብስክሌት ከአንድ ዓመት በላይ የሚያቆይበት ዘዴ ነው። ይህም ዘዴ ያለው በትምህርት ቤት ነው።

የብስክሌት መበላሸት በተማሪው መቅረት ላይ ያለው ተጽዕኖ በሌሎች አገሮች ልምድ ሊታይ ይችላል። በሕንድ የቢሃር ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ መርሐ ግብር 9ኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች ብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ ተሰጠ። ጉዳዩን የመረመሩ ተመራማሪዎች የልጃገረዶች ተሳትፎ በ30 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን፣ ውጤቱም ትምህርት ቤት 3 ኪ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ጎልቶ መታየቱን አስረድተዋል። በዛምቢያም ብስክሌት የተሰጣቸው የገጠር ልጃገረዶች የጉዞ ጊዜያቸው በሲሶ ያህል፣ ከትምህርት መቅረታቸውም ከሩብ በላይ ቀንሷል። በዛምቢያ የተሰጠው ብስክሌት አንድ ማርሽ፣ ወፍራም ሽቦና ወደ ኋላ ተረግጦ የሚይዝ ፍሬን ያለው ነበር። ከብስክሌቱም ጋር ጠጋኞች ሠልጥነዋል፤ በየትምህርት ቤቱም ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ከዚህ የምንማረው የሚሰጠው ብስክሌት ብቻውን ሳይሆን ጠጋኙና መለዋወጫው አብረውት መኖር እንዳለባቸው ነው።

ከትምህርት ቤቱ የሚጠበቀው

በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚችለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚስተካከል መፍቻ፣ ጠፍጣፋ መፍቻ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ጎማ፣ ጥቂት ግራሶ ይበቃሉ። በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ብስክሌት እንዲመረምር ማድረግ ይቻላል። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው፦

ሀ) አየር። ጎማው በአውራ ጣት ሲጫን ጠንከር ማለት አለበት። በጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት መኖር የለበትም።

ለ) ፍሬን። ብስክሌቱን ቆሞ እየገፉ የፊቱ ሲያዝ የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሣ መቃጣት አለበት፤ የኋላው ሲያዝ ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት። የሽቦው ጫፍ የተበጣጠሰ ከሆነ ይለወጣል።

ሐ) ካቴና። በመሐሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ከ1 እስከ 2 ሣ.ሜ. ያህል ቢጫወት ደህና ነው። ከዚህ ከበለጠ ይወልቃል።

መ) ዳዶና ብሎን። ብስክሌቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ ሲለቀቅ የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ያልጠበቀ ነገር አለ። የፊቱን ጎማ በሁለት ጉልበት መሐል ይዞ መሪውን ማዞር ያስፈልጋል፤ መሪው ብቻውን ከዞረ ብስክሌቱ ሳይጠበቅ አይነዳም።

ሠ) ሽቦ። ጎማው እየተሽከረከረ እንደ ክራር አውታር በጣት ይነካካል። የደነዘዘ ድምፅ የሚሰጠው ሽቦ ላልቷል።

አዲስ የተገዛ ብስክሌት ደግሞ ከመነዳቱ በፊት ልዩ ምርመራ ይፈልጋል። የፊተኛው ሹካ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ይገጠማል፤ የሹካው ቁልምም ጫፍ ምንጊዜም ወደ ፊት ማመልከት አለበት። የግራው ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ መሆኑን የማያውቅ ሰው በግድ ሲያስገባው ጥርሱን ይልጠዋል፤ በኋላም ፔዳሉ በመንገድ ላይ ይነቀላል። እንዲሁም አዳዲስ ሽቦዎችና ብሎኖች በመጀመሪያው ወር ስለሚላሉ ከወሩ በኋላ ዳግመኛ መጠበቅ አለባቸው።

የፍሬን ፈተና በግቢው ሜዳ ሊደረግ ይችላል። በአመድ ሁለት መሥመሮች 10 ሜትር ተራርቀው ይሰመራሉ። ተማሪው በመሐላቸው ያለውን ርቀት በ2.4 ሰከንድ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪ.ሜ. ነው። ሁለተኛው መሥመር ላይ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። መሥመሩን ካለፈ ከ4 ሜትር በላይ የሄደ ብስክሌት ሳይጠገን ወደ መንገድ ሊወጣ አይገባም።

እነዚህ ሥራዎች ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የሚታዩ አይደሉም። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ሰበቃን፣ ኃይልንና ፍጥነትን ለማስተማር ከፍሬን የተሻለ የትምህርት መርጃ በቆላው ገጠር አይገኝም። በሒሳብ ክፍል የጎማውን ዙሪያ ማስላት ይቻላል። አጋማሹ 33 ሣ.ሜ. የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.07 ሜትር ያህል ይጓዛል። ተማሪው በሽቦው ላይ ጨርቅ አስሮ ዙሩን ቢቆጥር ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ርቀት ራሱ ይለካል። 6 ኪ.ሜ. ማለት 2,900 ዙር ገደማ ነው።

ልጃገረዶች በጥገናው እኩል እንዲሳተፉ ማድረግ የመምህሩ ልዩ ኃላፊነት ነው። ጎማ መለጠፍ የማትችል ልጅ ጎማዋ በተበሳ ቁጥር የሌላውን ፈቃድና ጊዜ ትጠብቃለች፤ በመንገድ ላይ ብቻዋን የምትቀርበት ጊዜም ይበዛል።

ከዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቀው

አስተዳደር፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ረጂ ድርጅት ለተማሪዎች ብስክሌት ለመግዛት ሲያስብ የሚከተሉት ነጥቦች በግዢ ዝርዝሩ ውስጥ ቢካተቱ ጠቃሚ ይሆናል።

አንደኛ፣ ብስክሌቱ አንድ ማርሽ፣ ወፍራም ሽቦ፣ የፊት የእጅ ፍሬንና ወደ ኋላ ተረግጦ የሚይዝ የኋላ ፍሬን ያለው ይሁን። ሁለተኛ፣ መለዋወጫው በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ገበያ ከሚገኘው የጎማና የካቴና ልክ ጋር አንድ ይሁን፤ ልዩ ልክ ያለው ብስክሌት የመጀመሪያው ጎማ ባለቀ ቀን ዕድሜው ያበቃል። ሦስተኛ፣ ቀሚስ ለሚለብሱ ልጃገረዶች የላይኛው ቧንቧ ዝቅ ያለ ይሁን፤ እንዲህ ያለው አካል በተፈጥሮው ስለሚለምጥ ቧንቧው ወፈር ያለ መሆን አለበት። አራተኛ፣ ከግዢው ገንዘብ ጥቂቱ አስቀድሞ ለመፍቻ፣ ለመለዋወጫና ለጠጋኝ ሥልጠና ይመደብ። አምስተኛ፣ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ይኑረው።

ከብስክሌቱ በተጨማሪ መንገዱ ሊታሰብበት ይገባል። ተማሪዎች የሚመጡባቸው የውስጥ መንገዶች በካርታ ተለይተው በተቻለ መጠን ከአውራ ጎዳናው የራቁ ቢሆኑ፣ አውራ ጎዳናውን የሚያቋርጡበት ቦታም ቢወሰን ብዙ አደጋ ይቀንሳል። ከአርማንያ በኩል ያለው ቁልቁለት ለታዳጊዎች እንዳይፈቀድ፣ በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ቀንም በአውራ ጎዳናው ላይ እንዳይነዱ ወላጆችንና ተማሪዎችን ማስረዳት ይገባል። የራስ ቁር ከባድ የራስ ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ስለሆነ በሚገኝበት ሁሉ ሊበረታታ ይገባዋል። ነገር ግን የራስ ቁር የሚያገለግለው ልጁ ከወደቀ በኋላ መሆኑና የፍሬን ምትክ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በአገር አቀፍ ደረጃ የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራበትን የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ይህ ስትራቴጂ በከተሞች ጎዳና ላይ ብቻ ሳይቀር የገጠሩን ተማሪ መንገድ እንዲያካትት ለማድረግ፣ የትምህርት ባለሙያዎች ከየአካባቢያቸው ያለውን ሁኔታ አጥንተው ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ርካሽ ብስክሌት በራሱ አደገኛ አይደለም። አደገኛ የሚያደርገው ያልተመረመረ ፍሬን፣ ያልጠበቀ ዳዶ፣ የላላ ሽቦና ልኩ ያልሆነ ኮርቻ ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ በ13 ዓመት ልጅ እጅና በአንድ መፍቻ የሚስተካከሉ ናቸው። ሜዳ ጉድለትን ስለሚሸሽግ ግን ልጁ ጉድለቱን በቁልቁለት ላይ ከማወቁ በፊት በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲያውቀው ማድረግ ያስፈልጋል።

ወላጅ ለልጁ ብስክሌት ሲገዛ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ነው። ያ ብስክሌት በሦስተኛው ወር በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ምክንያት ከግድግዳ ላይ ቢደገፍ፣ የሚቀረው ብስክሌቱ ብቻ አይደለም፤ ልጅቱም ከትምህርቷ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ በሰኞ ጠዋት የሚደረገው የግማሽ ሰዓት ምርመራ ከሥራ ሰዓት ላይ እንደተወሰደ ጊዜ ሳይሆን፣ እንደ መማር ማስተማሩ አንድ አካል ተቆጥሮ በትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል።